ከመወለድ በፊት የተወሰደ ሆርሞንና ካንሰር፦ ስለ ዲኢኤስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲኢኤስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሆርሞን አሜሪካ ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች መታዘዙ ከቀረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች ግን ዛሬ የ50፣ የ60፣ የ70 ዓመት ሰዎች ናቸው። የእነሱ ክትትል ገና አላበቃም።

የአማርኛ አንባቢ ጥያቄ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንዳንዱ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ይኖራል፤ ባለቤቱ፣ አማቱ ወይም የሚንከባከባት አረጋዊት የዚህ መድኃኒት ታሪክ አለባት። ሌላው አገር ቤት ወይም ዐረብ አገር ሆኖ «እኔስ በእርግዝና የወሰድኩት ሆርሞን ልጄን ይጎዳው ይሆን?» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱንም ለመመለስ እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲኢኤስ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ዳይኢታይልስቲልቤስትሮል ነው። ለንደን ውስጥ ቻርልስ ዶድስ የተባሉ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በ1938 ይፋ አደረጉት። ሥራው ኢስትሮጅን እንደሚባለው የሴት ሆርሞን ነው፤ የተገኘው ግን ከሰው ወይም ከእንስሳ ሳይሆን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምሞ ነው። በአፍ ይዋጣል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ፓተንት ስላልወጣለት ያሻው ፋብሪካ ሁሉ አመረተው። ከ200 በሚበልጡ የንግድ ስሞች ተሽጧል። እናቶች «ምን ነበር የዋጡት?» ሲባሉ ስሙን ማስታወስ የሚያቅታቸው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ለነፍሰ ጡር ለምን ይሰጥ ነበር?

ፅንስ እንዳይጨነግፍ ተብሎ ነው። በ1940ዎቹ ቦስተን ውስጥ ጆርጅ ስሚዝና ኦሊቭ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ ነበራቸው። ፅንስ የሚወርደው የእናቲቱ ሆርሞን ስለሚያንስ ነው፤ ስለዚህ ብንጨምርላት ይጸናል የሚል ነው። አሰጣጡንም እነሱ ቀመሩት። ገና በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት በቀን 5 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ቀስ በቀስ እየጨመረ በ35ኛው ሳምንት 125 ሚሊግራም ይደርሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1947 ለዚህ አገልግሎት ፈቀደው። ቆይቶም ምንም ችግር ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮች ሳይቀር «ልጅዎ ትልቅና ጠንካራ ሆኖ ይወለዳል» በሚል ማስታወቂያ ተሸጠ።

ችግሩ አለመሥራቱ ነው። በ1953 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊልያም ዲክማንና ባልደረቦቻቸው ከ1,600 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ዲኢኤስ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት፣ መልኩ ግን የሚመሳሰል ክኒን ወሰዱ። ልዩነት አልተገኘም። መጨንገፉንም፣ ያለ ቀን መወለዱንም አልቀነሰም። ቁጥሮቹ በኋላ እንደገና ሲሰሉማ ጭራሽ የወሰዱት ሴቶች የባሰ ውጤት ነበራቸው።

ከዚያ በኋላም መድኃኒቱ ለ18 ዓመት መታዘዙን ቀጠለ። ይህን ታሪክ ከሌላ የመድኃኒት አደጋ የሚለየው ይኼ ነው፤ ያበሳጫልም። አደጋው በ1953 አልታወቀም ነበር፤ ጥቅም እንደሌለው ግን ታውቆ ነበር። ያን ጊዜ ቢቆም ኖሮ ቁጥራቸው ብዙ የሆነ ልጆች አይነኩም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ እናቶችና ልጆች አንድ ላይ ተቆጥረው ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው እንደተጋለጠ ይገመታል።

ካንሰር እንደሚያመጣ እንዴት ታወቀ?

በአንዲት እናት ጥያቄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ያሉ ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። የብልት ካንሰር የአሮጊቶች በሽታ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ከ15 እስከ 22 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች ይዟቸው መጡ። ዓይነቱ ክሊር ሴል አዴኖካርሲኖማ ይባላል፤ በዚያ ዕድሜ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹ ብዙ ነገር ጠየቁ። ከታማሚዎቹ የአንዷ እናት «እኔ እሷን ሳረግዝ ስቲልቤስትሮል እወስድ ነበር፤ እሱ ይሆን?» አሉ። ጥያቄው መጀመሪያ እምብዛም ትኩረት አልሳበም። በኋላ ግን ሌላ እናትም ወስጄ ነበር አሉ።

አርተር ኸርብስት፣ ሃዋርድ ኡልፌልደርና ዴቪድ ፖስካንዘር ነገሩን በሥርዓት አጠኑት። ስምንት ታማሚ ልጃገረዶችን ያዙ። ለእያንዳንዷ በዚያው ሰሞን የተወለዱ አራት አራት ጤነኛ ልጃገረዶች ለማነጻጸሪያ ተመረጡ። ከስምንቱ የሰባቱ እናቶች በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት ዲኢኤስ ወስደዋል። ከሠላሳ ሁለቱ ጤነኞች እናቶች ግን አንዷም አልወሰደችም። ጽሑፉ በሚያዝያ 1971 ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአሜሪካ የመድኃኒት አስተዳደር ለነፍሰ ጡር እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ። ፈረንሳይ ግን እስከ 1977 ቆየች።

አንድ መድኃኒት በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ከዓመታት በኋላ በልጅ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ነው።

አደጋው ምን ያህል ነው? የተጋለጠች ሁሉ ትታመማለች?

የለም። ማህፀን ውስጥ ሳሉ ከተጋለጡ 1,000 ሴቶች ክሊር ሴል አዴኖካርሲኖማ የሚይዘው አንዷን ያህል ነው። 999ኙን አይዛቸውም። ካልተጋለጡት ጋር ሲነጻጸር ግን 40 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ወይ ይደነግጣል ወይ ይዘናጋል።

ካንሰሩ የሚወጣው በብልት ግድግዳ ወይም በማህፀን በር ላይ ነው። አብዛኞቹን የያዛቸው ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቢሆንም በ40ዎቹና ከዚያም በኋላ የተገኘባቸው አሉ። «ጊዜው አልፏል» ብሎ ምርመራ ማቆም ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምናና በጨረር በደንብ ይታከማል።

እናት የዋጠችው ክኒን ልጅን ከ20 ዓመት በኋላ እንዴት ያሳምማል?

የሴት ፅንስ ብልትና ማህፀን የሚሠሩት በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ነው። ብልቱ መጀመሪያ በአንድ ዓይነት ሕዋሳት ይሸፈናል፤ ኋላ በሌላ ዓይነት ይተካል። ዲኢኤስ ይህን መተካት ያስተጓጉለዋል። በመሆኑም የማህፀን ውስጥ ዓይነት፣ እንደ እጢ ያሉ ሕዋሳት ብልት ላይ ተረስተው ይቀራሉ። ሐኪሞች ይህን አዴኖሲስ ይሉታል። አዴኖሲስ ራሱ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እየጠፋ ይሄዳል። በጥቂቶች ላይ ግን ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስና የራሷ ሆርሞን ሲመጣ ወደ ካንሰር ይለወጣል።

ለዚህም ነው የጀመሩበት ሳምንት ወሳኝ የሚሆነው። ከ12ኛው ሳምንት በፊት የተጋለጡት የበለጠ ይጎዳሉ።

ሌላ ካንሰርስ?

የማህፀን በርና የብልት ቅድመ ካንሰር ለውጥ በተጋለጡት ላይ በእጥፍ ያህል ይታያል።

የጡት ካንሰር ላይ ውጤቱ አንድ አይደለም። በ2011 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ4,600 በላይ የተጋለጡ ሴቶችን ተከታትሏል። ዕድሜያቸው 40 ከሞላ በኋላ የጡት ካንሰር የያዛቸው 3.9 በመቶ ሲሆኑ ካልተጋለጡት 2.2 በመቶ ነበሩ። ኔዘርላንድስ ውስጥ የተደረገው ሰፊ ጥናት ግን ጭማሪ አላገኘም። እንዲህ ሲሆን ብልኅነቱ በዕድሜ የሚመከረውን የጡት ምርመራ አለማስተጓጎል ነው። መድኃኒቱን የዋጡት እናቶች ራሳቸውም ላይ የጡት ካንሰር በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ካንሰር ባይዛቸውም የሚደርስባቸው ችግር አለ?

አለ፤ እንዲያውም ከካንሰሩ ይልቅ ብዙ ሴቶችን የነካው ይኼ ነው። የአንዳንዶቹ ማህፀን ቅርጹ ይለወጣል፤ በራጅ ሲታይ እንደ «ቲ» ፊደል ይሆናል። በዚያው በ2011 ጥናት መውለድ አለመቻል ከተጋለጡት 33 በመቶ ላይ ታይቷል፤ ካልተጋለጡት 15.5 በመቶ ላይ ነው። ያለ ቀን መውለድ 53 በመቶ ሲሆን ካልተጋለጡት 18 በመቶ ገደማ ነው። ከማህፀን ውጭ እርግዝናም 14.6 በመቶ ከ2.9 በመቶ ጋር ነው።

ቁጥሩን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እናት ልጇ እንዳይወርድባት የዋጠችው ክኒን የልጇን ልጅ አስወረደባት። ስለዚህ የተጋለጠች ሴት ስታረግዝ እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ የቅርብ ክትትል ሊደረግላት ይገባል።

ወንዶች ልጆችስ?

በዘር ፍሬው ጀርባ ባለው ቱቦ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይበዛባቸዋል። እብጠቱ አያምም፤ ካንሰርም አይደለም። ሲወለዱ ያልወረደ የዘር ፍሬም ይታያል፤ እሱ ደግሞ ያለ ዲኢኤስ ቢከሰትም ለዘር ፍሬ ካንሰር ያጋልጣል። ዲኢኤስ በቀጥታ የዘር ፍሬ ካንሰር ያመጣል የሚለው ላይ ጥናቶች አልተስማሙም። የተጋለጠ ወንድ በየጊዜው በእጁ እየዳበሰ፣ ጠጠር ያለ ነገር ካገኘ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

የልጅ ልጆች ጋ ይደርሳል?

ጥናቱ ቀጥሏል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2002 የተጋለጡ እናቶች ወንዶች ልጆች ላይ የሽንት ቀዳዳ ከቦታው ውጭ መሆን በርክቶ እንዳገኙ ጽፈዋል፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ያገኙት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። የልጅ ልጆቹ ብዙዎቹ ገና ካንሰር በሚበዛበት ዕድሜ ላይ አልደረሱም።

እኔ ተጋልጬ ይሆን? በምን ላውቅ እችላለሁ?

በደም ምርመራ አይታወቅም። የሚታወቀው በታሪክ ነው። የተወለዱት ከ1938 እስከ 1971 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም እስከ 1970ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ጥያቄው ይመለከትዎታል። እናትዎ ወይም አክስቶችዎ በሕይወት ካሉ ይጠይቁ። ከእርስዎ በፊት ፅንስ ወርዶባቸው ነበር? ደም ታይቷቸው ነበር? «ልጁ እንዲጸና» የተባለ ክኒን በየቀኑ ይውጡ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ፣ የመድኃኒቱ ስም ባይታወስም ለሐኪም ይንገሩ። የሆስፒታል መዝገብ ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

የተወለዱት ከ1980 ወዲህ ከሆነ ማህፀን ውስጥ ሳሉ ለዲኢኤስ የመጋለጥ ዕድልዎ እጅግ ጠባብ ነው።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ከተራው የማህፀን በር ምርመራ ሰፋ ይላል። በየዓመቱ ይደረጋል። ሐኪሟ ወይም ሐኪሙ በመጀመሪያ የብልቱን ግድግዳ ዙሪያውን በጣት ይዳብሳሉ። ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ያለች ትንሽ ጠጠር በዓይን ሳትታይ በጣት ልትገኝ ትችላለች። ቀጥሎ ናሙና ይወሰዳል። ከማህፀን በር ብቻ ሳይሆን ከብልቱ ከአራቱም ማዕዘን ነው። አጠራጣሪ ነገር ካለ በማጉያ መነጽር ይታያል፤ ይህ ኮልፖስኮፒ ይባላል። በዚያን ጊዜ የአዮዲን ውኃ ይቀባል። ጤነኛው ሽፋን አዮዲኑን ጠጥቶ ቡናማ ይሆናል፤ አዴኖሲስ ያለበት ቦታ ግን ቀለሙን ሳይዝ ነጣ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ቦታ ቁንጥር ሥጋ ተወስዶ ይመረመራል።

ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴትም ምርመራውን አትተውም። ማህፀኑ ቢወጣም ብልቱ አለና። «ከ65 ዓመት በኋላ ፓፕ ስሚር (የማህፀን በር የናሙና ምርመራ) አያስፈልግም» የሚለው ምክርም ለተጋለጠች ሴት አይሠራም።

በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለ ወር አበባ ጊዜ ደም መታየት ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

የኤችፒቪ ክትባት ከዚህ ይከላከላል?

ከዚህኛው አይከላከልም። በኢትዮጵያም በዓለምም በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው በኤችፒቪ ቫይረስ ነው። ክትባቱ ለእሱ ነው። ኢትዮጵያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ስትሰጠው የቆየችው ለዚሁ ነው፤ በጣም ጠቃሚ ነው። በዲኢኤስ የሚመጣው ካንሰር ግን መነሻው ሌላ ነው። ስለዚህ የተጋለጠች ሴት «የኤችፒቪ ምርመራዬ ንጹሕ ነው» ብላ መቅረት የለባትም። በጤና ጣቢያ ደረጃ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራም የሚያየው የማህፀን በርን ነው፤ የብልቱን ግድግዳ ምርመራ አይተካም።

እናቴን ብጠይቃት ትጸጸታለች ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ይህ ፍርሃት ብዙ ቤት አለ። አንዳንዶቹ እናቶች ጉዳዩን በጋዜጣ ካነበቡ በኋላ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ዓመታት አሳልፈዋል። ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም። ልጃቸውን ለማትረፍ ሐኪም ያዘዘውን ወሰዱ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ፅንስ የወረደባቸው ሴቶች ናቸው። የእናት አንጀት የሚያደርገው ያንኑ ነው። ሲጠይቋት መጀመሪያ ይህንን ይንገሯት። «አንቺን ለመውቀስ ሳይሆን ለሐኪሜ የምነግረው ስላስፈለገኝ ነው» ቢሏት ይቀላታል። ቦስተን ያሉት እናት ባይናገሩ ኖሮ መድኃኒቱ ስንት ዓመት ይቀጥል እንደነበር ማን ያውቃል?

የሦስት ወር መርፌ ወይም ክኒን እየወሰድኩ ሳላውቅ አረገዝኩ። ልጄ አደጋ ላይ ነው?

የወሊድ መከላከያ ዲኢኤስ አይደለም። ውስጡ ያሉት ሆርሞኖች ሌሎች ናቸው፤ መጠናቸውም፣ የሚወሰዱበት መንገድም የተለየ ነው። ሳይታወቅ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ መወሰዱ የአካል ጉድለት እንደሚያመጣ አልታየም።

ሙሉውን ለመናገር ያህል፣ ዴንማርክ ውስጥ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ልጆችን የተከታተለና በ2018 የታተመ ጥናት አለ። እናታቸው በእርግዝና ወይም እርግዝናው ሊጀምር ሲል የሆርሞን መከላከያ የወሰደችባቸው ልጆች ላይ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ጥቂት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጭማሪው ከ50,000 ልጆች አንድ ተጨማሪ ታማሚ ያህል ነው። እጅግ ትንሽ ነው። ጥናቱ ግንኙነቱን አሳየ እንጂ መንስኤው እሱ ነው ብሎ አልደመደመም። እርግዝናው እንደታወቀ መከላከያውን ያቁሙ፣ ክትትል ይጀምሩ። በዚህ ምክንያት ብቻ እርግዝና ለማቋረጥ የሚያበቃ ነገር የለም።

ፅንስ እንዳይወርድብኝ ተብሎ ፕሮጄስትሮን ታዘዘልኝ። ይኼስ?

እዚህ ላይ ስሙን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮጄስትሮን ተብለው የሚጠሩት ሁሉ አንድ አይደሉም።

አንደኛው ሰውነት ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ፕሮጄስትሮን ነው። በብልት የሚቀመጥ ወይም የሚዋጥ ሆኖ ይሰጣል። ፅንስ የወረደባትና ደም የታያት፣ ወይም የማህፀን በሯ ያጠረባት ሴት እንድትወስደው ሊመከር ይችላል። ዲኢኤስ የኢስትሮጅን ወገን ነው፤ ይኼ አይደለም።

ሌላው በሳምንት አንዴ በመርፌ የሚሰጠው ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ካፕሮኤት ነው። ይህ ሰው ሠራሽ ነው። አሜሪካ በ2011 ያለ ቀን መውለድን ይከላከላል ብላ ፈቅዳው ነበር። በ2019 የታተመው ትልቅ ሙከራ ግን እንደማይሠራ አሳየ፤ በሚያዝያ 2023 ፈቃዱ ተነሣ። ከዚያ በፊት በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1960ዎቹ የተወለዱ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። ማህፀን ውስጥ ሳሉ ለዚህ መድኃኒት የተጋለጡት ከ200 ትንሽ የሚበልጡ ናቸው፤ ካንሰር ሁለት እጥፍ ያህል ተገኝቶባቸዋል። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ጥናቱም አንድ ነው። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ግን ጥቅም ከሌለው ይህን ስጋት መሸከም አያስፈልግም ብለው በ2024 ከገበያ እንዲታገድ ወሰኑ። በ1953 መሆን የነበረበት እንዲህ ያለ ውሳኔ ነበር።

ስለዚህ ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ማን ነው? እንደ እኔ ላለች ሴት እንደሚሠራ በጥናት ታይቷል? እስከ ስንተኛው ሳምንት ነው የምወስደው? ጥያቄ መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። የታዘዘልዎትን ግን በሰው ወሬ ፈርተው በራስዎ አያቁሙ። ስሙን፣ መጠኑንና የጀመሩበትን ሳምንት በእርግዝና ክትትል ካርድዎ ላይ ያስጽፉ፤ ካርዱንም ልጁ ከተወለደ በኋላ አይጣሉት፣ ከክትባት ካርዱ ጋር አብረው ያስቀምጡት።